አስኳል አለው ወይስ የለውም? የፕሮካርዮትና የዩካርዮት ሕዋስ ልዩነት ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ወጥቼ በወረታ አቅራቢያ ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። ያ ወቅት በፎገራ ሜዳ ሩዙ ዛላ የሚያወጣበት ነው። አጎቴ ውኃው ገና ካልሸሸው ማሳቸው ዳር ወስደው አንድ አገዳ ነቅለው አሳዩኝ። ዛላውን አቅፎ የያዘው የላይኛው ቅጠል ሰገባ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ዛላው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ በሰገባው ውስጥ ታንቆ ቀርቷል፤ የወጣውም ክፍል ፍሬ አልቋጠረም።

“ሁለት ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት አስረጭቼበታለሁ፤ ምንም አልሰማ አለ። አንተ የምትማረው ስለ ጀርም ነው አሉ፤ እስቲ ይኼ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ሳይመረመር ልነግርዎ አልችልም” አልኋቸው።

መልሴ እውነት ነበር፤ ሆኖም ለራሴም አላረካኝም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የፕሮካርዮትንና የዩካርዮትን ሕዋስ ልዩነት በሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ በፈተናም ብዙ ጊዜ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን ያ ሠንጠረዥ አንድ ገበሬ በማሳው ዳር ቆሞ ለሚያነሣው ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ዝርዝር ሳይሆን መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ መሆኑን ማስረዳት ነው። ትምህርቱም በዚሁ መልክ ሊሰጥ ይገባል የሚል አቋም አለኝ።

ከሠንጠረዡ በስተጀርባ

ሁለቱን ስያሜዎች እ.ኤ.አ. በ1925 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኤዱዋር ሻቶን ነው። ቃላቱ ከግሪክ የተወሰዱ ሲሆኑ “ካርዮን” ማለት የፍሬ ውስጥ አስኳል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮካርዮት “ከአስኳል በፊት የነበረ”፣ ዩካርዮት ደግሞ “እውነተኛ አስኳል ያለው” እንደ ማለት ነው። ባክቴሪያ ሁሉ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ሰው፣ ከብት፣ ሩዝ፣ ፈንገስ፣ የወባ ተሕዋስ ሁሉም ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

ልዩነቱን በአገራችን ቤት ብንመስለው፣ ፕሮካርዮት አንድ ክፍል ጎጆ ነው። ምድጃው፣ መኝታው፣ እህሉ፣ ጥጃው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ግድግዳ ይኖራሉ። የዘር መረጃው የተጻፈበት ዲኤንኤ በሕዋሱ መካከል ያለ ሽፋን ይገኛል፤ መረጃው ገና እየተቀዳ ሳለ ራይቦዞም ተቀብሎ ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። ከዚህ የተነሣ ሥራው ፈጣን ነው። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። ዩካርዮት በአንጻሩ በግድግዳ የተከፋፈለ ቤት ነው። ዲኤንኤው አስኳል ወይም ኑክለስ በሚባል ክፍል ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ኃይል የሚመረትበት ማይቶኮንድሪያም የራሱ ሽፋን አለው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ከአስኳሉ ውጭ ነው።

ይህ የአሠራር ልዩነት ለመድኃኒት ሁለት ትልልቅ በሮችን ከፍቷል። የመጀመሪያው ግድግዳው ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራ የሕዋስ ግድግዳ አላቸው፤ ያ ግድግዳ ከሌለ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ሕዋሱን ያፈነዳዋል። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን የሚሠሩት የዚህን ግድግዳ ግንባታ በማሰናከል ነው። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲገድል እኛን አይነካም። ሁለተኛው በር ራይቦዞም ነው። የባክቴሪያ ራይቦዞም መጠኑ 70ኤስ ተብሎ ሲለካ በዩካርዮት ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው 80ኤስ ነው። ቴትራሳይክሊን በተለይ በትንሹ ራይቦዞም ላይ ተጣብቆ የፕሮቲን ሥራን ያቆማል። እንግዲህ አንቲባዮቲክ በሽተኛውን ሳይጎዳ ጀርሙን ሊገድል የቻለው በሁለቱ ሕዋሳት መካከል ይህ ልዩነት በመኖሩ ነው። በሽታ አምጪው ራሱ ከእኛ ወገን፣ ማለትም ዩካርዮት ሲሆን እነዚህ በሮች ይዘጋሉ።

በአንድ የደም ጠብታ ውስጥ

የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት አገር ነው። ውኃው ሲሸሽ ከመስከረም ጀምሮ የወባ ወቅት ይገባል። በዚያ ወቅት ትኩሳት የያዘው ሰው ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል፦ “ወባ ነው”፣ “ታይፎይድ ነው”፣ “ሁለት ካፕሱል ዋጥና ተኛ”። ብዙዎቻችን ሦስተኛውን ምክር ተቀብለን እናውቃለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ ብርድ ብርድ ሲለኝ ከጓደኛዬ የተረፈ ቴትራሳይክሊን ውጬ ሁለት ቀን ጠብቄአለሁ፤ በሦስተኛው ቀን የደም ምርመራው ወባ መሆኑን አሳየ።

በወባና በግርሻ ትኩሳት መካከል ያለው ልዩነት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ግርሻ ቅማል የምታስተላልፈው፣ በአገራችን እስካሁን ያልጠፋ በሽታ ሲሆን አምጪው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም ግን አስኳል ያለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። ሁለቱም በድንገተኛ ትኩሳት፣ በብርድ ብርድ ማለትና በራስ ምታት ይጀምራሉ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ምርመራ፣ በመስታወት ላይ ተቀብቶ ቀለም በነካ የደም ጠብታ ውስጥ ይታያሉ። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። ግርሻ በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል፤ ፔኒሲሊን ግን ለወባ ምንም አይፈይድም፤ ፕላዝሞዲየም የሚፈርስ የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ የለውምና። በተቃራኒው ኮአርተም ቦሬሊያን አያድንም።

ይህ የደም ጠብታ የክፍላችንን ሠንጠረዥም ይፈትናል። ሠንጠረዡ በመጀመሪያው ረድፍ “ፕሮካርዮት ትንሽ ነው፤ ዩካርዮት ትልቅ ነው” ይላል። በጥቅሉ ሲታይ ትክክል ነው። ነገር ግን ጠመዝማዛው ቦሬሊያ ቀጭን ይሁን እንጂ ርዝመቱ ከቀይ የደም ሕዋስ ይበልጣል። ፕላዝሞዲየም በበኩሉ በለጋነቱ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የምትታይ ትንሽ ቀለበት ነው። ቀዩ የደም ሕዋሳችን ደግሞ አድጎ ወደ ደም ሥር ሲወጣ አስኳሉን ጥሏል፤ ይሁን እንጂ ዩካርዮት መሆኑ አልቀረም። በመጠን ብቻ የሚፈርድ ወይም “አስኳል አላየሁም” ብሎ የሚወስን ተማሪ በዚህች አንዲት ጠብታ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ዋናው ነገር የሕዋሱ አሠራር እንጂ የሠንጠረዡ ረድፍ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

ከፎገራ በስተሰሜን የምትዋሰነው የሊቦ ከምከም ወረዳ ከ20 ዓመት በፊት ከባድ ዋጋ የከፈለችበት ታሪክ አላት። በአካባቢው ሰዎች ለሳምንታትና ለወራት በማይለቅ ትኩሳት እየተያዙ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። በሽታው በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተቆጠረ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማእከል ከፈተ፤ ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጣሪያ ነክቶ ፎገራንም አዳረሰ። በማእከሉ እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታከሙት ሕሙማን መካከል የሞቱት 4 በመቶ ያህል ነበሩ። ካላዛር ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ መሆኑን ስናስብ ትክክለኛው ምርመራ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ እንረዳለን።

ይህ ታሪክ ለእኔ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ “አስኳል አለው ወይስ የለውም?” የመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ፕላዝሞዲየምም ሆነ ካላዛርን የሚያመጣው ሌሽማንያ ሁለቱም ዩካርዮት ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው አይሆንም። ሌሽማንያ በሽፋኑ ውስጥ እንደ እኛ ኮሌስቴሮልን ሳይሆን እንደ ፈንገስ ኤርጎስቴሮልን ይጠቀማል። አምፎተሪሲን ቢ የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ካላዛርንም የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀጥሎ “ከየትኛው ዩካርዮት ነው?” የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ በሽተኛ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ወገን ሊሸከም ይችላል። በሊቦ ከምከም ከሞት ጋር ተያይዘው ከታዩት ምክንያቶች መካከል የሳንባ ምችና የሳንባ ነቀርሳ ይገኙበታል። ሌሽማንያ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያደክም ባክቴሪያ ይከተላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የካላዛር መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ አንቲባዮቲክም ብቻውን አያድነውም። ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት የትኛውን ሕዋስ እንደሚመታ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ወደ ሩዙ ስንመለስ

አሁን የአጎቴን ጥያቄ በተሻለ መልክ ማንሣት ይቻላል። የሩዝ ሰገባ መበስበስ አንድ ስም ይኑረው እንጂ በዓለም ላይ አምጪዎቹ ከአንድ በላይ ናቸው። ከታወቁት አንዱ ሳሮክላድየም ኦራይዜ የተባለ ፈንገስ ሲሆን ሌላው ሱዶሞናስ ፉስኮቫጂኔ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው በተለይ በደጋማና ቀዝቀዝ ባሉ የሩዝ አገሮች ይታወቃል። ሁለቱም ሰገባውን ቡናማ ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ዛላው እንዳይወጣ ያንቃሉ፤ በዓይን ብቻ መለየት ልምድ ላለው ባለሙያም ያስቸግራል።

በገበያ ከሚገኙት የፈንገስ መድኃኒቶች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ፕሮፒኮናዞል፣ የሚሠሩት ፈንገሱ ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ባክቴሪያ ኤርጎስቴሮል አይሠራም። ስለዚህ የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ቢረጭም አሥር ጊዜ ቢረጭም ለውጥ አያመጣም፤ የሚያልቀው የገበሬው ገንዘብ ነው፤ የቀረው ኬሚካል ደግሞ ከጎርፍ ጋር ወደ ጣና ይወርዳል። የአጎቴ ማሳ ላይ የነበረው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም። መድኃኒቱ ዘግይቶ ተረጭቶ ወይም መጠኑ አንሶ ሊሆንም ይችላል። የሚያሳዝነኝ ግን መድኃኒቱን የሸጠውም፣ የገዙትም አጎቴ፣ የተማርሁትም እኔ ከመረጨቱ በፊት ጥያቄውን ያላነሣነው መሆኑ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሙያ ጓደኞቼ የሚመጣ ነው። “ድንበሩ አንተ እንደምትለው ንጹሕ አይደለም” ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት አላቸው። ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ወባን ለመከላከል ይሰጣል። ፓሮሞማይሲንም አንቲባዮቲክ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር ተጣምሮ ካላዛርን ያክማል። ነገር ግን የዶክሲሳይክሊንን ምክንያት ስንመረምር ሕጉ ሲፈርስ ሳይሆን ሲጸና እናገኘዋለን። ፕላዝሞዲየም በውስጡ አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል አለው፤ የዚህ ክፍል የዘር ግንድ ከጥንት የባክቴሪያ ወገን ይመዘዛል፤ መድኃኒቱ የሚመታውም የዚህኑ ክፍል ባክቴሪያ መሰል ራይቦዞም ነው። ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ እንደ ተከራከረችው የእኛም ማይቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ወደ ሌላ ሕዋስ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ ነበር። ዩካርዮት በቤቱ ውስጥ የቆየ የፕሮካርዮት እንግዳ አለበት። ዶክሲሳይክሊን ወባን የሚነካው ቀስ ብሎና በዚህ የጎን በር ስለ ሆነ ትኩሳት ለያዘው ሰው ብቻውን ፈጥኖ አይደርስለትም።

“ፕሮካርዮት” የሚለው ስም ራሱ አንድ ቤተሰብ አለመሆኑም መነገር አለበት። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 አርኬያ ከባክቴሪያ የተለየ ወገን መሆኑን አሳይተዋል። የፎገራ ገበሬ በውኃ በተሞላ ማሳ ጭቃውን ሲረግጥ ከሚወጣው አረፋ ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ አለ፤ እሱን የሚያመርቱት አርኬያዎች ናቸው። ሕዋሳቸው አስኳል የለውም፤ ግድግዳቸው ግን የባክቴሪያው ፔፕቲዶግላይካን ስላልሆነ ፔኒሲሊን አይነካቸውም። ይህም ተማሪው አስኳልን ፈልጎ ካጣ በኋላም ጥያቄው እንደማያበቃ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። “ገበሬው ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው ማይክሮስኮፕ የለውም፤ ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?” የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ማንም ሰው ጀርሙን በዓይኑ እንዲለይ አልጠይቅም። የምጠይቀው “አንድ መድኃኒት ለሁሉም ጀርም አይሆንም” የሚለው እውነት ምክንያቱ ገብቶት እንዲያምንበት ነው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ሳይመረመር ካፕሱል አይገዛም። አንቲባዮቲክ በሕግ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሸጥ ያለበት ቢሆንም ያለ ትእዛዝ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለወባ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ዝም ብሎ የባከነ አይደለም። በአንጀታችን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ያገኛል፤ ደካሞቹን ገድሎ የሚቋቋሙትን ያስቀራል። ፕሮካርዮቶች ደግሞ በፍጥነት ከመራባታቸው በላይ የመቋቋሚያውን ዘረመል ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ለጎረቤታቸው፣ አልፎ ተርፎም ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ማሻገር ይችላሉ። ዛሬ ለማይመለከተው በሽታ የዋጥነው ካፕሱል ነገ ለልጃችን የሳንባ ምች ሲያስፈልግ አቅም አጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የ9ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህር ሠንጠረዡን ከመጻፉ በፊት ጥያቄውን ያስቀድም። “አንድ ሰው ወባ ይዞት አሞክሳሲሊን ዋጠ፤ ለምን አልዳነም?” ብሎ ይጀምር። ተማሪው ግድግዳን፣ ራይቦዞምንና አስኳልን የዚህ እንቆቅልሽ መልስ አድርጎ ካገኛቸው አይረሳቸውም። ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ካለው ከእያንዳንዱ ቤት የሚገኘው የጤፍ ሊጥ እርሾ ይበቃል። በአንዲት ጠብታ እርሾ ውስጥ ዩካርዮት የሆነው ሞላላ የእርሾ ፈንገስና ፕሮካርዮት የሆኑት ደቃቅ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራውን ጓያ ወይም ሽምብራ ነቅሎ የሥሩን እባጭ መሰንጠቅም ይቻላል። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጂን ለተክሉ ምግብነት ያዘጋጃሉ፤ ይህን ደግሞ ሩዝም ሆነ ሰው በራሱ ሕዋስ ሊያደርገው አይችልም። ተማሪው ፕሮካርዮት ሁሉ ጠላት አለመሆኑን ከዚያ ይማራል።

በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል አለ፤ የግብርና ኮሌጅም አለ። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች በሚሠለጥኑበት ጊዜ የበሽታ ምልክቶች ሥዕል ብቻ ሳይሆን “ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?” የሚለው ጥያቄ የመድኃኒት ምክር ሁሉ መነሻ ቢሆን፣ አጠራጣሪ ናሙና ከመረጨቱ በፊት ወደ ምርመራ የሚላክበት ልማድም ቢጀመር መልካም ነው። እኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ርእስ ስንፈልግ የማሳውን ጥያቄ ልብ ልንለው ይገባል። በሰገባ መበስበስ የተጠቃ የፎገራ ሩዝ ናሙና ከየቀበሌው ሰብስቦ በየትኛው ፈንገስ፣ በየትኛው ባክቴሪያ እንዳለበት መለየት አንድ የማስተርስ ተማሪ ሊጨርሰው የሚችለው ሥራ ነው።

አጎቴ ዘንድሮም ያንኑ ማሳ ሩዝ ዘርተውበታል። ዛላ በሚወጣበት ወቅት ከንጹሕ ወረቀት ከረጢትና ከማቀዝቀዣ ሣጥን ጋር እንደምመጣ ነግሬአቸዋለሁ። እሳቸውም ውጤቱ ሳይነገራቸው መድኃኒት እንዳይገዙ ቃል ገብተውልኛል።